ነጻ ስለሚባለው የመኰንንነት ትምህርት

በኢትዮጵያ ምድር ያለ ዋጋ የተገኘ ትምህርት ኖሮ አያውቅም። የቆሎ ተማሪ ለየኔታ ገንዘብ አይከፍልም፤ ነገር ግን እንጨት ይለቅማል፥ ውሃ ይቀዳል፥ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከደጅ ደጅ እየለመነ የዕለት ምግቡን ያገኛል፤ ዜማውን ወይም ቅኔውን በጨረሰ ጊዜም ወደ አንድ ደብር ገብቶ በማገልገል የተማረውን ይከፍላል። ይህን ልማድ የሚያውቅ አባት፥ መንግሥት በነጻ ያስተምራል፥ ያበላል፥ ያለብሳል፥ በተመረቀም ጊዜ ማዕርግ ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ ልጁ ሲያነብለት ደስታው ከጥያቄ ጋራ ቢሆን አያስደንቅም። ጥያቄውም ዋጋው ምንድን ነው፥ የሚከፈለውስ መቼ ነው የሚል ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚሰማበት ወራት ይህ ጥያቄ በየካ ክፍለ ከተማ በብዙ ቤት ይነሣል። ከቀበና ወንዝ ወዲያ በፈረንሳይ ሌጋሲዮንና በየካ ሚካኤል በኩል እስከ ኮተቤ ድረስ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የተዘረጋው ይህ ሠፈር የልዩ ልዩ ሰዎች መኖሪያ ነው። ጡረታ የወጣ ወታደርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ጸሐፊ፥ በመገናኛ ዕቃ ዘርግቶ የሚነግድ ጐልማሳና ከተራራው የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርድ እናት በአንድ መንደር ጎረቤታሞች ሆነው ይኖራሉ። የዕጩ መኰንንነት ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ ከእነዚህ ቤቶች የሚነሡት ወጣቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጦር ልብስ የወደደ ነው፤ ሁለተኛው ትምህርት የወደደ፥ ገንዘብ ግን የሌለው ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የሚሄድበትን ያውቃል። ምክር የሚያስፈልገው ይልቁንም ሁለተኛው፥ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ለመሆን ሲል በመኰንንነት በር የሚገባው ነው። ዛሬ ሴቶች ልጆችም በዚሁ በር ስለሚገቡ ስለ ወንድ ልጅ የሚነገረው ሁሉ ለእኅቱም የተነገረ ነው።

ለእንደዚህ ያለው ወጣት የመጀመሪያው ሥራ ሁለት ውሎችን ማስተያየት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ውል ይፈርማል፤ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላም ከወጣበት ወጪ የተወሰነውን ክፍል ከገቢው እየከፈለ ይመልሳል። የዚህ ሰው ዕዳ ገንዘብ ነው፤ ዕዳውን እየከፈለ ወደ ወደደው ከተማ ሊሄድ፥ የወደደውን ሥራ ሊይዝ፥ ያልተስማማውንም ሊለቅ ይችላል። በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ፥ ለምሳሌ በቢሾፍቱ ባለው የምህንድስና ኮሌጅ የሚማረው ዕጩ መኰንን ግን የሚፈርመው ስለ ዓመታት ነው። የሚኖርበትን ቦታ የሚመርጥለት ሌላ ነው፤ የሚነሣበትንና የሚተኛበትን ሰዓት የሚወስንለት ሌላ ነው፤ አልተስማማኝም ብሎ በማግሥቱ የሚለቀው ሥራም አይደለም። ይህን ማለት ውሉን ለማጥላላት አይደለም። ነገር ግን ከሁለቱ ውሎች አንዱን ብቻ ነጻ ብሎ መጥራት ለወጣቱ ልጅ የተሳሳተ ሚዛን መስጠት ነው፤ ሁለቱም ዕዳ ናቸውና፥ የሚለያዩት በመክፈያው ዓይነት ነው።

ይህ ውል ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ወደ መጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች መመለስ ይጠቅማል። መኰንን የሚለው ቃል ኰነነ ከሚለው ከግእዙ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጓሜውም ገዛ፥ ፈረደ ማለት ነው። በጥንቱ ሥርዓት መኰንንነት በትውልድ ወይም በጌታ ሞገስ ወይም በጦር ሜዳ በታየ ጀብዱ ይገኝ ነበር እንጂ በፈተና አይገኝም ነበር። ፊታውራሪ ለመባል ማንበብ ግዴታ አልነበረም፤ የሚጽፍለት ጸሐፊ ማሳደር ለሹሙ ይበቃው ነበር። ይህን ልማድ የለወጠው በጥር ወር 1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ ጥቂት የስዊድን መኰንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹም የተመረጡት ከዘመናዊ ትምህርት ቤቶች፥ ይልቁንም በእንጦጦ ግርጌ በ1917 ዓ.ም. ከተከፈተው ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትና ከእርሱ በፊት ከነበረው ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነበረ። ከአውሮፓውያን ጋራ የሚግባቡበት የፈረንሳይኛ ዕውቀት ያስፈልጋቸው ስለ ነበረ የትምህርት ቤቱ በር ለተማረ ልጅ እንጂ ለትልቅ ሰው ልጅ ብቻ የተከፈተ አልነበረም። በዚህ ምክንያት የመምህሩ ደብተር ከጋሻና ከጦር ጋራ እኩል ሆኖ በመኰንንነት ሚዛን ላይ የተቀመጠው በዚያ ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

እነዚያ ልጆች ወደ ሆለታ በሄዱ ጊዜ ያሰቡት ረጋ ብለው ለመማር፥ የጦርን ጥበብ ከሥሩ ለማወቅ፥ ከዚያም አዲሱን ሠራዊት ለማሠልጠን ነበረ። ያገኙት ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ትምህርቱ በጥድፊያ ሆነ፤ በጥቂት ወራትም ውስጥ የሰሜኑ ጦር በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ ወደ ዋና ከተማው የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ ሰው ታጣ። በዚያን ጊዜ እነዚህ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ወጣቶች ከስዊድናዊው አስተማሪያቸው ጋራ ወደ ጣርማ በር ተላኩ። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው በየካ ግርጌ በኮተቤ አልፎ በሰንዳፋ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው ነው። የታዘዘላቸው ሠራዊት ግን በችኮላ የተሰበሰበ ስለ ነበረ አልጸናም፤ መተላለፊያውንም ለመያዝ አልተቻለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደብረ ብርሃን በኩል ወደ አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ላይ ውሉ የፈረሰ ይመስላል። ያስገባቸው መንግሥት ከዋና ከተማው ወጥቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ደመወዝ የሚከፍል ቀርቶ ትእዛዝ የሚሰጥ የለም። ማንም ዳኛ ቢሆን ወደ ቤታቸው ቢመለሱ አይፈርድባቸውም ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ወደ ምዕራብ፥ ወደ ነቀምቴ ሄዱና ከሌሎች የተማሩ ሰዎች ጋራ ሆነው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቆሙ። ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ ከሆለታ ወጣቶችም እነ ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለአብ ነበሩበት። ማኅበሩ ለራሱ ደንብ ጻፈ፤ ከደንቡም ውስጥ ሁለት ነገሮች እስከ ዛሬ ድረስ ሊታሰቡ የሚገባቸው ናቸው። አንደኛው የጦሩ ክፍል ከፖለቲካው ክፍል በታች ሆኖ እንዲታዘዝ የሚል ነው። ሁለተኛው በጦርነት የተማረከ ጠላት እንዳይጐዳ የሚል ነው። ይህን የጻፉት ከዕለት ወደ ዕለት በጫካ የሚሸሹ፥ ስንቃቸውን በገበሬ ቸርነት የሚያገኙ፥ ዕድሜያቸው ከሃያ ብዙ ያልራቀ ልጆች የነበሩበት ማኅበር ነው። ጠመንጃ ላለው ሰው ጠመንጃ ከሌለው ሰው ምክር በታች መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ የኋለኛው ታሪክ አሳይቷል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ87ኛው አንቀጽ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል እንዲሆን፥ ሠራዊቱም ተግባሩን ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲፈጽም ይደነግጋል፤ ነገሩ ግን በነቀምቴ ቀድሞ ታስቦ ነበር።

የማኅበሩ ጦር በልዑል ራስ እምሩ መሪነት ወደ አዲስ አበባ ለመገሥገሥ ሞክሮ ሳይሆንለት ቀረና በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጁን ሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 ቀን በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ የኢጣልያ መንግሥት የተማሩትን ወጣቶች እየለቀመ ገደለ፤ ከእነርሱም ጋራ ከሆለታ የወጡት ብዙዎች ተረሸኑ። የእነዚያ ልጆች የትምህርት ዘመን በወር የሚቈጠር ነበር፤ የተከፈለበት ዋጋ ግን ይህን ያህል ሆነ። እነዚህ ሰዎች በየመጻሕፍቱ እንደ ጀግና ብቻ መጠራታቸው ያሳዝናል፤ እንደ ተማሪም ሊታሰቡ ይገባቸው ነበርና። ጀግና ሲባሉ ከተራ ልጅ የተለዩ ፍጡራን ይመስላሉ፤ ነገር ግን በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የሒሳብ መልመጃ ሲሠሩ የነበሩ፥ እናቶቻቸው ስንቅ የቋጠሩላቸው ልጆች ነበሩ።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ በሌላ መልክ ቀጠለ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ልጅ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይሻማበት ነበር፤ ጦር ሠራዊቱም ከተሻሚዎቹ አንዱ ነበረ። የክቡር ዘበኛ የዕጩ መኰንኖች ትምህርት ቤት ዳግመኛ ስዊድናውያንን አስመጣ። ከእነርሱ ጋራ የመጡት የስፖርት አስተማሪ ኦኒ ኒስካነን ሲሆኑ፥ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ድል ያገኘውን የክቡር ዘበኛውን ወታደር አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት እርሳቸው ናቸው። የእንጦጦና የየካ አቀበት ዛሬም በየማለዳው የሯጮች መለማመጃ ነው፤ ለዕጩ መኰንንነት የሚያስብ ልጅም የሰውነቱን ብርታት አስቀድሞ ሊመረምርበት የሚችል ያለ ክፍያ የተሰጠው መፈተኛ ነው።

ከዚያው ከክቡር ዘበኛ የተመረጠው የቃኘው ሻለቃ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ሲለማመድ ከቆየ በኋላ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመተ። ከዘመቱት ውስጥ ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቈሰሉ፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። ከተመለሱት ብዙዎቹ በየካ በኩል ኮሪያ ሠፈር እየተባለ በሚጠራው መንደር መሬት ተሰጥቷቸው ሠፈሩ። ዛሬ በዚህ መንደር የሚኖሩ የልጅ ልጆች በአያቶቻቸው ስም ወደ ኮሪያ ሪፑብሊክ ሄደው የሚማሩበት ዕድል አለ። በአያት የተከፈለ ዋጋ ለልጅ ልጅ ትምህርት ሲሆን ማየት ደግ ነገር ነው፤ ሆኖም ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ እነዚህ ዘማቾች ለብዙ ዓመታት ተረስተው እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ሎሌው ውሉን ጠብቆ ጌታው የሚረሳበት ጊዜ አለና።

አሁን ወደ ሐረር አካዳሚ እንድረስ፤ የዛሬው የመኰንንነት ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚመስለው እርሱን ነውና። ይህ አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. በሕንድ መኰንኖች አስተማሪነት ሥራውን ጀመረ። የሚቀበለው ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱትን ሲሆን ትምህርቱም ሦስት ዓመት ነበረ፤ ከጦር ትምህርቱ ጋራ ሳይንስና ታሪክ ቋንቋም ይሰጥ ነበር። በዚያው ዘመን በስዊድናዊው በካውንት ቮን ሮዘን አማካይነት የተደራጀው የአየር ኃይል በቢሾፍቱ፥ ኖርዌጅያውያን ያስተምሩበት የነበረው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤትም ለዚያው ዓይነት ተማሪ በሮቻቸውን ከፍተው ነበር። እንግዲህ ከኮተቤ ወይም ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ምድርና አየር ባሕርም ቀርበውለት ነበር ማለት ነው። ሆለታ ግን ከነጻነት በኋላ በአብዛኛው በሠራዊቱ ውስጥ ያሉትን የበታች ሹማምንትና ብዙ ትምህርት የሌላቸውን እየተቀበለ በአጭር ጊዜ መኰንን የሚያደርግ ሆነ።

በዚህ ምክንያት በአንድ ሠራዊት ውስጥ ሁለት በር ተከፈተ። ከሐረር የወጣው በትምህርቱ ይመካል፤ ከሆለታ የወጣው ከወታደሩ ጋራ አብሮ በመብላቱና በመከራው ይመካል። አንዱ ሌላውን በስውር ይንቃል። ይህ ንቀት በጊዜው እንደ ትንሽ ነገር ይታይ ነበር፤ ነገር ግን በሰኔ ወር 1966 ዓ.ም. ደርግ በተቋቋመ ጊዜ ሊቀ መንበር ለመሆን የበቁት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሆለታ የወጡ መኰንን ነበሩ። የሐረር አካዳሚም በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋራ ጦርነት በቀረበ ጊዜ ተዘጋ። በግንቦት ወር 1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ከሞቱት ጄኔራሎች መካከል ከሐረር የወጡ ይገኙበት ነበር። የሁሉንም ክፋት በትምህርት ቤት ልዩነት ማመካኘት ትክክል አይሆንም። ሆኖም ዕጩ መኰንን ሆኖ የሚያመለክት ወጣት ሊማርበት የሚገባ ነገር አለ፤ የሚገባበት በር ከማን ጋራ እንደሚያስተካክለውና ከማን ጋራ እንደሚለየው አስቀድሞ ይወቅ፤ ዲግሪ ስላለው ብቻ ሃያ ዓመት ያገለገለውን አሥር አለቃ ዝቅ አድርጎ የሚያይ መኰንን በሰላም ጊዜ ይጠላል፥ በጭንቅ ጊዜም ብቻውን ይቀራልና።

በመታዘዝ ረገድም አንድ ነገር አለ። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ በመንግሥት ላይ በተነሡ ጊዜ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ የተሰለፉበትን ምክንያት በትክክል ሳያውቁ ተዋጉ፤ ብዙዎችም ሞቱ። የበታች መኰንን ትእዛዝ ይቀበላል፤ ነገር ግን የሚያዛቸው ሰዎች ነፍስ በእርሱ እጅ ነው። ይህ ሸክም በማስታወቂያው ላይ አይጻፍም፤ በውሉም ውስጥ ቁጥር የለውም። ምሁር ለመሆን ብቻ ብሎ የገባ ልጅ አንድ ቀን ሠላሳ ወይም አርባ ሰው ከኋላው ቆሞ የእርሱን አፍ ሲጠብቅ ያገኘዋል። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በሰሜን የሆነው ጦርነት የቅርብ ትዝታ ስለሆነ ይህን ለየካ እናቶች ማስረዳት አያስፈልግም። ከእነርሱ ብዙዎቹ ልጃቸው ማስታወቂያ ይዞ በመጣ ጊዜ ዝም የሚሉት የትምህርትን ጥቅም ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

ሌሎች መንግሥታት ይህን ውል እንዴት እንደሚዋዋሉ መመልከት ከንቱ አይሆንም። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1916 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተጠባባቂ መኰንኖች ማሠልጠኛ አለ። ተማሪው በተራ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች ተማሪዎች ጋራ ሕግ ወይም ምህንድስና ይማራል፤ ከሳምንቱም በአንዳንድ ቀን የወታደር ልብስ ለብሶ ይሠለጥናል። ከ1964 ወዲህ ለተመረጡት የትምህርቱን ወጪ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። በዚህ ወጪ የተማረው መኰንን ባጠቃላይ የስምንት ዓመት ግዴታ አለበት፤ ከዚህም ብዙ ጊዜ አራቱን ዓመት በሙሉ አገልግሎት ይፈጽምና ቀሪውን በተጠባባቂነት ሊጨርስ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ብልኀት ያለበት ግን ይህ ነው፤ የአራት ዓመት ዕድል ያገኘ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ሥራው እንዳልተስማማው ቢያውቅ ያለ ዕዳ ሊተወው ይችላል፤ ግዴታው የሚጸናበት ሁለተኛውን ዓመት በጀመረ ጊዜ ነው። ሠራዊቱ በዚህ የሚጐዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይወድ የሚያገለግል መኰንን ከማሳደር በጊዜ ማሰናበት ይሻላል። በኢትዮጵያ የተለመደው ዕጩው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ሠራዊቱ ትምህርት ቤት መግባቱ ነው። ይህ መንገድ የጓደኝነትን መንፈስ ያጠነክራል፤ ድኻውንም ከኪራይና ከምግብ ጭንቀት ያሳርፈዋል። ሆኖም ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አንድ የመመርመሪያ ዓመት የሚሰጥ ሥርዓት ቢታሰብበት የሚጠቅም እንጂ የሚጐዳ አይመስልም።

የማመልከቻው ነገር ራሱ አጭር ነው። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ሊመዘገብ አይገባውም፤ ይህን ለማድረስ ሲል ዕድሜ የሚጨምር ልጅም ሆነ ዝም የሚል አባት በኋላ የሚያፍርበትን ሐሰት ይሠራል። የትምህርት ማስረጃ፥ የነዋሪነት መታወቂያ፥ የጤና ምርመራ፥ የጽሑፍና የሰውነት ብርታት ፈተና የተለመዱ ናቸው፤ የቁመትና የክብደት የዕድሜም ልክ ግን ከማስታወቂያ ወደ ማስታወቂያ ሊለዋወጥ ስለሚችል ካለፈው ዓመት አመልካች አፍ ሳይሆን ከዘንድሮው ጽሑፍ ይነበብ። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላልና በሻይ ቤት የሚነገረውን ይዞ የሚሮጥ ሁሉ ከደጅ ይመለሳል። አስመዘግብሃለሁ፥ አሳልፍሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ሌባ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ምስክር አያሻም። በማመልከቻው ላይም ለምን መኰንን ለመሆን እንደሚፈልግ የተጠየቀ ወጣት የተሸመደደ የጀግንነት ቃል ከመደርደር ይልቅ እውነተኛውን ምክንያት ቢጽፍ ይሻለዋል። ምህንድስና ለመማር እወዳለሁ፥ ስለ ተማርሁበትም ለማገልገል ዝግጁ ነኝ የሚል ልጅ ከማንም አያንስም፤ መርማሪውም የሁለቱን ልዩነት ቶሎ ያውቀዋል።

ከመፈረሙ በፊት ግን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ሊያገኝባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የአገልግሎቱ ዘመን የሚቈጠረው ከገባበት ቀን ነው ወይስ ከተመረቀበት ቀን? በትምህርቱ መካከል ቢታመም ወይም ፈተና ቢወድቅ ምን ይሆናል፤ ወጪውን ይከፍላል ወይስ በተራ ወታደርነት ያገለግላል? የተማረው ምህንድስና ወይም ሕክምና ቢሆን የሚመደበው በዚያው ሙያ ነው ወይስ እንደ አስፈላጊነቱ? የሚያገኘው ዲግሪ ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ በሌላ መሥሪያ ቤት ይታወቅለታል? ዘመኑ ሳያልቅ ለመልቀቅ ቢገደድ ሥርዓቱ እንዴት ነው? ቢሞት ወይም አካሉ ቢጐድል ለወላጆቹ የሚደርሰው ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ከወጣት አፍ የሚወጣ አይመስልም፤ ስለዚህ አባቱ ወይም እናቱ ሊጠይቁለት ይገባል። ይህን በመጠየቁ ፈሪ ነህ የሚለው ሰው ቢኖር የዚያ ሰው ምክር አይቈጠር። የመመልመያው ሹምም ጥያቄውን በቅን ልብ ቢመልስ ለሠራዊቱ ይጠቅማል፤ ሁሉን አውቆ የፈረመ ልጅ በሦስተኛው ዓመት ተታለልሁ ብሎ አያጕረመርምምና።

ውሉም በቤት ውስጥ ይነበብ። ፊደል ያልቈጠረች እናት ብትሆን እንኳ ልጇ ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ ያንብብላት፤ የሕግ ቃል የሚያስቸግር ከሆነ ከጎረቤት ጡረታ የወጣ መኰንን ወይም መምህር ይጠራ፤ በየካ እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም። ዓመታቱ የተጻፉበትን ቁጥር አባትም ልጅም በአንድ ላይ ይዩት። ለመመዝገቢያ የሚሰጠው የምስክር ወረቀቱ ቅጂ ነው፤ ዋናው ለማመሳከር ከታየ በኋላ ከእናትየው ሣጥን ይመለስ፤ የተፈረመውም ውል አንድ ቅጂ ከዚያው ይቀመጥ።